ከመደብር ጭምብል የሕፃን ጥበበ እድ ይበልጣል

በአሜሪካ አገር በሜሪላንድና በቨርጂኒያ፣ በሲያትልና በሚኒሶታ የሚኖሩ ወገኖቻችን፣ የጥቅምት ወር በገባ ቁጥር ልጆቻቸው ከትምህርት ቤት ይዘውት የሚመጡት አንድ ጥያቄ ይጠብቃቸዋል፤ ይኸውም «ለሃሎዊን ምን ልሁን?» የሚለው ነው። ወላጆች ለዚህ የሚሰጡት መልስ በአብዛኛው ከሁለት አይወጣም፤ አንደኛው ወገን በዓሉ የአጋንንት ነውና አይነካም ብሎ ነገሩን ሲዘጋ፣ ሁለተኛው ወገን ልጁን ይዞ ወደ መደብር ይሄድና ከተሰቀለው ጭምብልና ልብስ አንዱን አስወርዶ፣ ዋጋውን ከፍሎ ይገላገላል። ከሁለቱ የሚሻል ሦስተኛ መንገድ ግን አለ፤ እርሱም ሊጣል የተዘጋጀውን ካርቶን፣ ቆርቆሮና ጋዜጣ ከሕፃኑ ፊት አቅርቦ፣ አብሮ ተቀምጦ መሥራት ነው።

ዕለቱ በፈረንጆች ኦክቶበር 31፣ በእኛም ጥቅምት 21 ገደማ የሚውል ሲሆን፣ የምዕራብ ቤተ ክርስቲያን በማግስቱ የምታከብረው የቅዱሳን ሁሉ በዓል ዋዜማ ነው፤ የጥንት የኬልት ሕዝቦች መከር አልቆ ብርዱ ሲገባ ይፈጽሙት የነበረውም ሥርዓት ከዚሁ ዋዜማ ጋር እንደ ተቀላቀለ ይነገራል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ወደ አሜሪካ የተሰደዱት የአየርላንድ ሰዎች፣ በአገራቸው ሥራ ሥር ፈልፍለው ያበጁት የነበረውን ፋኖስ፣ በአዲሱ ምድር ተትረፍርፎ ባገኙት ዱባ ሠሩት። እንግዲህ አስተዋይ አንባቢ እንደሚመለከተው፣ የበዓሉ ዋና ምልክት ድኻ ስደተኛ በእጁ የገባውን ነገር ወደ መብራት የለወጠበት ጥበብ ነበር።

ዛሬ ይህ ተገልብጧል። የአሜሪካ የችርቻሮ ንግድ ማኅበር በ2023 (እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር) ለዚህ በዓል የሚወጣው ገንዘብ ከ12 ቢሊዮን ዶላር እንደሚበልጥ ገምቶ ነበር፤ ከዚያም ውስጥ ለአልባሳትና ለጌጥ የሚወጣው ለከረሜላ ከሚወጣው ይበልጣል። ልብሱም ብዙውን ጊዜ ፖሊስተር፣ ማለትም ከፕላስቲክ የተፈተለ ክር ነው። ከገንዘቡ ይልቅ የሚያሳዝነው ግን፣ ሕፃኑ በዚህ ሁሉ መካከል መራጭ ብቻ ሆኖ ሠሪነትን ሳይቀምስ መቅረቱ ነው።

ሥራው ረቂቅ ዕውቀት የሚጠይቅ አይደለም። ሶፍት ሲያልቅ የሚቀረውን የካርቶን ጥቅል፣ አንዱን አፍ ከፊትና ከኋላ ወደ ውስጥ ቢያጥፉት ሁለቱ ጫፎች ጆሮ መስለው ይቆማሉ፤ ጥቁር ቀለም ቀብተው፣ ከብስኩት ካርቶን ክንፍ ቆርጠው ቢለጥፉበት የሌሊት ወፍ ይወጣዋል። ከእንቁላል ካርቶን አንዱ ጎድጓዳ ተገልብጦ በክር እግር ቢበጅለት ሸረሪት ነው። ባዶውን የወተት ጋሎን አጥበው፣ ሕፃኑ ዓይንና አፍ በማርከር ከሣለበት በኋላ፣ በስተኋላው ቀዳዳ አውጥተው በባትሪ የሚሠራ አነስተኛ መብራት ቢያኖሩበት የደጅ ፋኖስ ይሆናል። የቲማቲም ቆርቆሮም ውኃ ተሞልቶ በማቀዝቀዣ ውስጥ በረዶ ሆኖ ካደረ፣ ሕፃኑ በወረቀት ላይ በነጥብ የነደፈውን ሥዕል ተከትሎ ወላጅ በምስማር ቢበሳው አይጨማደድም፤ በረዶው ከውስጥ ይደግፈዋልና። እንዲሁም አንድ እጅ ዱቄት በሁለት እጅ ውኃ በጥብጠው፣ የተቀዳደደ ጋዜጣ በተነፋ ፊኛ ላይ ቢደራርቡና ቢያደርቁ፣ ቀለም የሚቀባ ዱባ ያገኛሉ።

ጥንቃቄ ግን ከሥራው አይለይም። ከሦስት ዓመት በታች ለሆነ ሕፃን ቁልፍና ቆርኪ የመሰለ ወደ አፍ የሚገባ ነገር አይሰጥም፤ ከካርቶንና ከወረቀት በተሠራ ፋኖስ ውስጥም ሻማ አይበራም፤ ጭምብልም ዓይን የሚጋርድ ከሆነ በመንገድ ላይ አደጋ ነውና፣ በግንባር ላይ የሚታሰር አክሊል ቢሆን ይመረጣል። ብልጭልጩ ዱቄት የፕላስቲክ ብናኝ ስለሆነ፣ የዳነውን ካርቶን መልሶ ቆሻሻ ያደርገዋል። ከሁሉ በላይ ወላጅ መቀሱን ከልጁ እጅ እየነጠቀ ሥራውን ለማሳመር አይድከም፤ ሸረሪቷ አምስት እግር ብቻ ቢኖራትም፣ ሕፃኑ አስቦ ያቆማት ናትና እንዳለች ይተዋት።

ከተጣለ ነገር ምሕረት ሊወጣ እንደሚችልም ታሪክ ይመሰክራል። በ1950 (እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር) በፊላደልፊያ፣ የፕሬስቢቴሪያን ቄስ የነበሩት ክላይድ አሊሰንና ባለቤታቸው ሜሪ ኤማ አሊሰን፣ ልጆች ባዶ የወተት ካርቶን አስጊጠው በሃሎዊን ማታ ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ ለዩኒሴፍ ሳንቲም እንዲሰበስቡ አደረጉ፤ የመጀመሪያው ምጽዋት 17 ዶላር ብቻ ነበር፤ ልማዱ ግን በመላው አገር ተስፋፋ።

«በዓሉ የእኛ አይደለም» የሚሉ ወላጆች ኅሊናቸው ሊከበርላቸው ይገባል፤ ነገር ግን ክልከላ ብቻውን የሕፃኑን እጅ ባዶ ያስቀራል፤ ጣዕረ ሞቱን የማይወዱ አንበሳና ርግብ ሊሠሩ ይችላሉ። ከደጅ ደጅ መዞሩም ቢሆን ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ በነሐሴ 13 የቡሄ ልጆች ሙልሙሉን የሚቀበሉት ሆያ ሆዬ ብለው፣ በዱላቸው መሬቱን እየመቱ በደከሙበት ነውና፣ በእጁ የሠራውን አክሊል ደፍቶ የሚወጣ ሕፃንም ከረሜላውን በድካሙ ይቀበላል። በሁለት ሥራ ተወጥረው «ጊዜ የለንም» ለሚሉትም፣ አሮጌ ካልሲ በጨርቅ ጠቅጥቀው ኳስ የሰፉ፣ ሽቦ ጠምዝዘው በቆርኪ ጎማ መኪና ያቆሙ ልጆች እነርሱ ራሳቸው እንደ ነበሩ ላስታውሳቸው እወዳለሁ፤ ጥበቡ በእጃቸው ሳለ በገንዘብ መግዛቱ አይገባም።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፣ በዚህ ሳምንት የወተቱ ጋሎንና የእንቁላሉ ካርቶን ወደ ቆሻሻ ከመሄዳቸው በፊት አንድ ምሽት አዘግዩአቸው፤ ስልኩን አስቀምጡ፤ ኮላውንና ቀለሙን አቅርቡ፤ ከልጃችሁም አጠገብ ተቀመጡ።