የጽሕፈት ቤት ሰውና የተራራ መንገድ

ዕድሜው ከአርባ ያለፈ የጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ተራራ መውጣትን ሊያስብ አይገባውም የሚሉ ሰዎች ተሳስተዋል፤ አሜሪካዊው ነጋዴ ዲክ ባስ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1985 ዓ.ም. ከኤቨረስት ጫፍ ሲደርስ ዕድሜው 55 ነበርና። ከዚህ ይልቅ የሚጎዳው ግን የችኩሎች ስሕተት ነው። ዘመኑን በወንበር ላይ ያሳለፈ የዓደን ጸሓፊ፥ በከተማይቱ ራስ ላይ የቆመውን የሸምሳንን ተራራ ጥቂት ሳምንት ወጥቶ ወርዶ ትንፋሹ ሲረጋለት፥ «እንግዲህ ነቢ ሹዐይብ ምን ይሳነኛል?» ይላል። ትንፋሽ ቶሎ ይለምዳል፤ ጅማትና የጉልበት መገጣጠሚያ ግን ወራት ይሻሉ። ጉልበትን ይበልጥ የሚፈትነውም ቁልቁለቱ ነው፤ ችኩል ሰው ግን ስለ መውረድ መቼ አስቦ ያውቃል!

ደግሞም ሸምሳን 550 ሜትር ያህል ብቻ ሲሆን ነቢ ሹዐይብ 3,666 ሜትር ነው፤ ራስ ደጀንማ ከ4,500 ሜትር ያልፋል። በባሕር ጠረፍ የጠነከረ እግር ስስ አየርን መልመድን አይተካም። ስለዚህም ከ3,000 ሜትር በላይ የሚወጣ ሰው የማደሪያውን ከፍታ በአንድ ቀን ከ500 ሜትር አብልጦ እንዳይጨምር ሐኪሞች ይመክራሉ። ከቆላ ተነሥተው በእግራቸው ወደ ላሊበላ የሚሳለሙ አሮጊቶች በየመንደሩ እያደሩ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የሚደርሱት ሰውነታቸው በመንገድ ለምዶ ነው። የዓደኑ ጸሓፊም ፀሐይ ሳትበረታ፥ ገና በማለዳ፥ ከጽሕፈት ቤቱ ደረጃ ይጀምር።