በግ ሸጦ ኤም.ቢ.ኤ. መማር

 

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል ከጊሼ የተላከው አንዱ ቆም ብለን እንድናስብ አድርጎናል። ጸሐፊው በአካውንቲንግ የመጀመሪያ ዲግሪ ይዞ በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚሠራ ወጣት ነው። በንግድ ሥራ አመራር የማስተርስ ዲግሪ፣ ኤም.ቢ.ኤ. የሚባለውን፣ ለመማር አስቧል። ለክፍያው ግን የቤቱ በጎች መሸጥ አለባቸው። አባቱ እምቢ አላሉም። «በግ ሸጠህ የምትማረው ንግድ፣ እኔ በግ ስሸጥ ያላወቅሁት ምን አለበት?» ብለው ብቻ ጠየቁት። ልጁ መልስ አጣና ለእኛ ጻፈ።

ጥያቄው የዋዛ አይደለም። በመንዝና በጊሼ ደጋ በግ የቤቱ ተቀማጭ ነው። ውርጭ ገብሱን ሲመታው እህል የሚሸመተው፣ ልጅ ሲታመም ሐኪም ቤት የሚኬደው በበግ ነው። ስለዚህ እኛም መልሱን ከዚያው ከበጉ እንጀምረው።

ይህ ዲግሪ በአሜሪካው ሐርቫርድ እ.ኤ.አ. በ1908 የተጀመረ ሲሆን፣ ዛሬ እዚያው ሰሜን ሸዋ ውስጥ በደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲም ይሰጣል። ዋና ዋናዎቹ ትምህርቶች በየትም አገር ይመሳሰላሉ፤ ሒሳብ አያያዝ፣ ፋይናንስ፣ ማርኬቲንግ፣ ኦፕሬሽንስ ወይም የሥራ ሂደት አመራር፣ የሰው ኃይል አስተዳደር፣ ኢኮኖሚክስ፣ ስታትስቲክስ፣ በመጨረሻም ስትራቴጂና የመመረቂያ ጽሑፍ ናቸው።

ወንድማችን ሒሳብ መመዝገብን ያውቃል። በማስተርስ የሚጨመርለት ሒሳቡን ለውሳኔ መጠቀም ነው። አንድ በግ በ7,000 ብር ገዝተን፣ ሦስት ወር አድልበን፣ በ10,000 ሸጥነው እንበል። ቤተሰቡ 3,000 ብር አተረፍን ይላል። ፉርሽካው፣ ጨው፣ መድኃኒቱና ወደ ገበያ የተወሰደበት 1,500 ቢሆን ግማሹ ሄደ። የጠባቂውን ልጅ ድካም ግን ማንም አይቆጥረውም። ለአንድ በግ በቀን 15 ብር ብቻ ብንቆርጥለት በ90 ቀን 1,350 ይሆናል። የቀረው ትርፍ 150 ብር ነው! አባትየው የበጉን ዋጋ ከማናችንም በላይ ያውቃሉ፤ የልጁን ቀን ዋጋ ግን አስበውት አያውቁ ይሆናል።

ወደ ገበያው ስንመጣ፣ የዐረፋ በግ ለማርኬቲንግም ለኦፕሬሽንስም ጥሩ ትምህርት ነው። ገዢው የሚፈልገው ተራ ሥጋ አይደለም። ዓይኑ የታወረ፣ የሚያነክስ፣ የታመመ ወይም ከሲታ የሆነ በግ ለኡድሒያ አይበቃም፤ ስለዚህ በመንገድ ላይ እግሩን የተጎዳ በግ ያንን ገበያ አጣ ማለት ነው። ቀኑም እንደ ፋሲካ ወቅት ጠብቆ አይመጣም። በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ወደፊት እየቀደመ፣ በ33 ዓመት ገደማ ወቅቶቹን ሁሉ ያዳርሳል። በ2017 ዓ.ም. ግንቦት 29 ቀን ነበር የዋለው። ይህ ክረምት ሳይገባ መኖ የሚያጥርበት ጊዜ ነው፤ ያኔ ለማድለብ ገለባውን ከወራት በፊት ማስቀመጥ ይጠይቃል። በ2027 ዓ.ም. ደግሞ ወደ የካቲት ይጠጋል፤ የመኸሩ ገለባ ገና ያልተነካበት ጊዜ ነው። አባት ዘንድሮን ያውቃሉ። የዐሥር ዓመቱን መኖ አስቀድሞ ማስላት ግን ቁጭ ብሎ መማርን ይፈልጋል።

ከሁሉ ይበልጥ የገረመንን እንንገራችሁ። ፈጥኖ የሚያድገው ጠቦት ቀድሞ ዋጋ ያወጣልና ሲቸግር መጀመሪያ የሚሸጠው እሱ ነው። ለአውራነት የሚቀረው የቀጨጨው ይሆናል፤ መንጋው ከትውልድ ትውልድ ያንሳል። አንድ ገበሬ ብቻውን ይህን ሊያቆመው አይችልም። እ.ኤ.አ. በ2009 በመንዝ የተጀመረው የማኅበረሰብ የበግ ዝርያ ማሻሻያ ሥራ መፍትሔ የፈለገው ለዚህ ነበር። ኢካርዳና ኢልሪ የተባሉት ዓለም አቀፍ የምርምር ተቋማት፣ የቪየናው ቦኩ ዩኒቨርሲቲና የአገራችን ተመራማሪዎች ከገበሬዎች ጋር ሆነው ክብደት እየመዘገቡ አውራ መረጡ፤ ገበሬዎቹም የተመረጡትን በጋራ ተጠቀሙባቸው። ለመግዣውም ተዘዋዋሪ ገንዘብ አገለገለ። መመዝገቡ ስታትስቲክስ ነው፤ ጎረቤት ከጎረቤት አውራ እንዲዋዋስ ማስማማቱ የሰው አመራር ነው፤ ለባለቤቱ ችግር ጥሬ ገንዘብ ማቅረቡ ፋይናንስ ነው። ተማሪዎች ትምህርቶቹን እየነጣጠሉ ስለሚያጠኑ ይህን መያያዝ አያዩትም።

ፋይናንስን ካነሣን፣ ብዙ ወጣቶች «ወለድ የሚሰላበት ትምህርት ነው» ብለው እንደሚሸሹት እናውቃለን። እኛ ግን ስሌቱን ማወቅና ወለድ መብላት አንድ ናቸው ብለን አናምንም። ብሔራዊ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2011 ባንኮች ከወለድ ነፃ አገልግሎት በመስኮት እንዲሰጡ መመሪያ አወጣ፤ ዘምዘምና ሒጅራ ባንኮች በ2021 ሥራ ጀመሩ። አንዱ ገንዘብ፣ ሌላው ሥራ አዋጥቶ ትርፍ የሚካፈሉበት ሙዷረባ ለገጠሩ ሰው እንግዳ አይደለም፤ አንዱ በግ ሰጥቶ ሌላው አርብቶ ግልገሉን ሲካፈሉ ኖረዋል። ሆኖም ባንክ ለሺህ ሰው ሲያደርገው ትርፉን በትክክል የሚለካ ባለሙያ ያስፈልገዋል፤ ተለክቶ ያልታወቀ ትርፍ ለጠብ ነውና።

እንግዲህ ለወንድማችን የምንለው ይህ ነው። ዲግሪው የተፈለገው ለደረጃ ዕድገት ብቻ ከሆነ እናት በጎቹን አይሽጥ፤ ዘራቸው ከተቋረጠ የደመወዝ ጭማሪው ቶሎ አይመልሳቸውም። መማሩ ካልቀረ ወንድ ጠቦቶቹን ለዐረፋ አድርሶ፣ ሥራውን ሳይለቅ በቅዳሜና እሑድ መርሐ ግብር ቢማር እንመርጣለን። ከመመዝገቡ በፊት ግን ከአባቱ ጋር ተቀምጦ የዘንድሮውን የበጎቹን ወጪና ገቢ፣ የእረኛውን ቀን ጨምሮ፣ በደብተር ያስፍር። አባቱ ያንን ገጽ አይተው ምን እንዳሉ ይጻፍልን፤ ፈቃዳቸው ከሆነ በዚሁ ዓምድ እናወጣዋለን።

ወሰላም።