የተነፋ ፊደል ጉልሕ ፊደል አይደለም

ፈረንሳይኛና ዓረብኛ ይፋዊ ቋንቋዎች በሆኑባት በጂቡቲ ከተማ፣ በሀራሙስም ሆነ በሌላ ሰፈር፣ አንድ ኢትዮጵያዊ የምግብ ቤቱን ስም በሦስት ፊደል ማጻፍ ቢሻ፣ ሁለቱ አይቸግሩትም። ላቲኑ ለርእስና ለማስታወቂያ ታስቦ የተቀረጸ፣ ራሱና እግሩ ያጌጠ ወፍራም ፊደል አለው፤ ዓረብኛውም ለጉልሕ ጽሑፍ የሚያገለግል፣ ሡሉስ የተባለ ጥንታዊ ስልት አለው። የእኛው ግን ለመጽሐፍ ገጽ የተሠራው ቀጭን ፊደል በኮምፒውተር ማወፈሪያ ተነፍቶ ይሰቀላል።

ይህ የመልክ ጉዳይ ብቻ ነው የሚል ካለ ተሳስቷል። «ቤ»ን ከ«ቢ» የምትለያት በቀኝ እግሯ ጫፍ ያለች አንዲት ቀለበት ናት። ፊደሉ ሲነፋ ቀለበቷ ትደፈናለች፤ «ምግብ ቤት»ም ከሩቅ «ምግብ ቢት» ይሆናል። ከውበቱ ጋር ንባቡም ይጠፋል።

«ጌጥ ለፊደላችን ባዕድ ነው» የሚለውም መከራከሪያ አያስኬድም። የብራና ጸሐፊዎቻችን የገጹን ራስ በሐረግ አስጊጠዋል፤ መክፈቻውን በቀይ ቀለም ለይተዋል፤ የመቃ ብዕራቸውን እየቀረጹ ወፍራሙንም ረቂቁንም ጽፈዋል። የቴክኒክ ሰበብም አልቋል። የግእዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ ውስጥ ገብቷል፤ በነጻ የሚታደለው ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክም ከቀጭን እስከ እጅግ ወፍራም ደረጃዎች አሉት። እርሱ ግን መነሻ እንጂ መድረሻ አይደለም።

እንግዲህ ሠዓሊያን ቀለበቱን ሳይደፍኑ እግሩን የሚያወፍር፣ ጌጡን ከሐረግ የሚቀዳ የርእስ ፊደል ይቅረጹ፤ ነጋዴውም ለድካማቸው ይክፈል። ለላቲኑ ባለሙያ ፈልጎ ለገዛ ፊደሉ ቁልፍ ብቻ የሚጫን ሰው፣ «በፊደሌ እኮራለሁ» ቢል ማን ያምነዋል?