ሮቶው የት ነው?

ባለፈው ሳምንት ጽሑፍ ያልላክሁት ምድር ቤት ገብቼ ከቧንቧ ጋር ስታገል ስለነበረ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው።

እናቴ ባለቤቴን ልታርስ ከአዲስ አበባ ጀርመንታውን መጥታለች። (ማረስ መሬት ማረስ ብቻ አይደለም፤ የወለደችን ሴት መንከባከብም ማረስ ይባላል። አራስ የሚለውን ቃል የምታውቁ ቶሎ ይገባችኋል።) በመጣች በሦስተኛው ቀን መታጠቢያ ቤት ስገባ ባልዲና ጣሳ አየሁ። ሻወር እያለ፣ እናቴ ባልዲ ሞልታ በጣሳ እየቀዳች ነበር የምትታጠበው።

«እማዬ፣ ሻወሩ እኮ ይሠራል» አልኳት።

«ይንጠባጠባል እንጂ የት ይሠራል? ግድ የለም፣ ለምጄዋለሁ። ይልቅ ሮቶው የት ነው? ውሃው አልቆ እንዳይሆን።»

አፈርኩ። እናቴን ስንት ሰዓት በአውሮፕላን አስመጥቼ፣ እዚህም በጣሳ ትታጠብ?

ሮቶ የፋብሪካ ስም ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ ግን ማንኛውም የፕላስቲክ የውሃ ማጠራቀሚያ ሮቶ ይባላል። ከለገዳዲ፣ ከገፈርሳና ከጉድጓዶች የሚመጣው ውሃ ለሁሉም ሰፈር ሁልጊዜ ስለማይበቃ በፈረቃ፣ ማለትም በተራ ይለቀቃል። ውሃ በመጣ ቀን ሮቶው ይሞላል፤ በጠፋ ቀን ቤተሰቡ ከሮቶው ይጠቀማል። ሮቶው ከፍ ያለ ቦታ የሚቀመጠው ለጌጥ አይደለም። ውሃ ከላይ ሲሆን በራሱ ክብደት ወደ ታች ይገፋል። «ግፊት» የሚለው ቃል የመጣውም «ገፋ» ከሚለው ነው። እያንዳንዱ 10 ሜትር ከፍታ ወደ 14 ፒ.ኤስ.አይ ግፊት ይሰጣል። ስለዚህ ከሻወሩ 3 ሜትር ብቻ ከፍ ያለ ሮቶ የሚሰጠው ግፊት 4 ገደማ ነው። እናቴ «ለምጄዋለሁ» ያለችው ይህንን ነው።

ቅዳሜ አዲስ የሻወር ራስ ልንገዛ ስንወጣ ሆን ብዬ በሞንትጎመሪ ኮሌጅ በኩል ነዳሁ። የዚህ ሰፈር ልጆች ታውቁታላችሁ፤ ኮሌጁ ግቢ ውስጥ እንደ መሬት ሉል የተቀባ ትልቅ ክብ ነገር አለ። ባሕሩ ሰማያዊ ነው፣ አህጉራቱም በየቦታቸው አሉ። ብዙ ሰው ሐውልት ይመስለዋል። የውሃ ማጠራቀሚያ ነው፤ ቁመቱ 30 ሜትር ያህል፣ የሚይዘውም 2 ሚሊዮን ጋሎን።

«ያውልሽ፣ ሮቶአችን» አልኳት።

እናቴ መስኮቱን ዝቅ አድርጋ ለረጅም ጊዜ አየችው። «ጉድ ነው! እና ይሄን ሁሉ ይዛችሁ ነው ሻወራችሁ የሚንጠባጠበው?»

መልስ አልነበረኝም። ሃምሳ ዶላር አውጥቼ አዲስ የሻወር ራስ ገዛሁ። አሮጌውን በመፍቻ ፈታሁ፣ ጥርሱ ላይ ቴፍሎን ጠመጠምኩ፣ ጎሚኒዋ በቦታዋ መኖሯን አየሁ፣ አዲሱን አሰርኩ። ከዚያ ውሃውን ከፈትኩ። ያው ነው። ምንም ለውጥ የለም።

በሥራዬ አንድ ፕሮግራም ሲበላሽ መጀመሪያ የምናደርገው ስህተቱ የት እንዳለ መፈለግ ነው። ለዚህ ሁለት ዲግሪ ተምሬያለሁ። ቤቴ ስገባ ግን ሳልፈልግ ገዛሁ። የሥራ ባልደረባዬን ሳማክረው ደግሞ «ውስጡ ያለችውን ውሃ የምትቀንስ ፕላስቲክ አውጥተህ ጣላት» አለኝ። ፕላስቲኳ የተደረገችው በሕግ ነው፤ በ1992 በወጣው የአሜሪካ ሕግ መሠረት አንድ ሻወር በደቂቃ ከ2.5 ጋሎን በላይ እንዲያፈስ አይፈቀድም። አላወጣኋትም። የእኔ ሻወር እኮ እናቴ ባልዲ ሥር አድርጌ በስልኬ ሰዓት ስለካው፣ በደቂቃ 1 ጋሎን እንኳን አልሞላም። ሕጉ ጋ ገና አልደረስኩም!

ከዚያ የግፊት መለኪያ ገዝቼ ደጅ ያለው ቧንቧ ላይ አሰርኩ። 60 አለ። ጥሩ ግፊት ነው። ግራ ገባኝ፤ ግፊቱ ካለ ውሃው የት ሄደ?

ምስጢሩን ያገኘችው እናቴ ናት። ልጁን አቅፋ ቆማ ስታየኝ ቆይታ፣ «ልብስ ማጠቢያው ሲሠራ እኮ ነው ውሃው የሚጠፋው። ሲቆም ትንሽ ይመለሳል» አለችኝ። የሕፃን ልብስ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ነው የሚታጠበው።

መለኪያውን ሳላነሳ ሻወሩንና ልብስ ማጠቢያውን አንድ ላይ ከፈትኩ። መርፌው ከ60 ወደ 20 ወረደ። እዚህ ላይ ቆም በሉ፤ ዋናው ነገር ይህ ነው። ሁሉም ቧንቧ ተዘግቶ ውሃው ሲቆም፣ ቀጭን መንገድም ቢሆን ሙሉ ግፊት ያሳልፋል። መጥበቡ የሚታወቀው ውሃው ሲሄድ ነው። በር ላይ የቆመ ሰልፍ አስቡ፤ በሩ ጠባብ መሆኑ የሚታየው ሰው ሁሉ ልግባ ሲል ነው። እኔ የለካሁት ሰልፉ ቆሞ ሳለ ነበር።

ስለዚህ ጠባቡን በር ፍለጋ ምድር ቤት ወረድኩ። ውሃው ከመንገድ ወደ ቤት በሚገባበት ቦታ ክብ እጀታ ያለው ዋና ቫልቭ አለ። በክረምት የውሃ ማሞቂያችንን የቀየረ ሠራተኛ ዘግቶት ነበር፤ ሲጨርስ የከፈተው ግን በከፊል ብቻ ነው። ቀስ እያልኩ እስከ መጨረሻው አዞርኩት። (የእናንተ አሮጌ ከሆነና አልዞርም ካለ አታስገድዱት። ከተሰበረ ምድር ቤታችሁ ገፈርሳ ይሆናል። የቧንቧ ሠራተኛ ጥሩ።) ሁለቱንም ከፍቼ እንደገና ስለካ መርፌው 52 ላይ ቆመ። ባልዲው በአንድ ደቂቃ 2 ጋሎን ያዘ፤ የአዲሱ ሻወር ካርቶን የሚለውም ይህንኑ ነው።

አሮጌውን ራስ አልጣልኩትም። አቼቶ ውስጥ ነክሬ አሳደርኩት፤ ቀዳዳዎቹን የደፈነው ነጭ ነገር ለቀቀ። አሁን ታችኛው መታጠቢያ ቤት ውስጥ ደህና ይሠራል። ሃምሳ ዶላሩን ለማንም አልናገርም ብዬ ነበር፤ ይኸው ለእናንተ ተናገርኩ።

ማታ እናቴ ታጥባ ስትወጣ ፊቷ ቀልቷል። «እንደ ፍልውሃ ነው» አለች። ደስ አለኝ።

በማግስቱ ጠዋት መታጠቢያ ቤት ስገባ ግን ባልዲው አሁንም ሻወሩ ሥር ነው፣ ግማሽ ድረስ ተሞልቷል። «እማዬ፣ አሁንም በጣሳ ነው እንዴ?»

«ኧረ በሻወሩ ነው የታጠብኩት። ሙቁ እስኪመጣ ድረስ ቀዝቃዛው ዝም ብሎ ይፈሳል እኮ!» አለችና ባልዲውን አንስታ ደጅ ወጣች፤ በረንዳ ላይ የተከለችውን ጤና አዳም ልታጠጣ።