እግሩ የለም፤ ሕመሙ ግን አለ

ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ማርያም በሚያወጣው ዳገት በንግሥ ቀን እግራቸውን ያጡ ወገኖቻችንን እናያለን። ሳንቲም ጥለን፣ «እግዜር ይማርህ» ብለን እናልፋለን። ምን እንደሚያማቸው ግን አንጠይቅም። ብንጠይቅ ከመካከላቸው ብዙዎቹ የሚያማቸው የሌለው እግራቸው ነው። ጣቶቹ ይቃጠላሉ፣ ይቆረጥማሉ፤ ጣቶቹ ግን ከተቀበሩ ቆይተዋል።

ይሄኔ ሁላችንም ሐኪም ነን! አንዱ «ሐሳብ ነው፣ እርሳው» ይላል፤ ሌላው «መንፈስ ነው» ይላል። ሁለቱም ተሳስተዋል። አሜሪካዊው ሐኪም ሳይላስ ዌር ሚቸል የእርስ በርስ ጦርነታቸውን ቁስለኞች አይተው ለዚህ ስሜት «ፋንተም ሊምብ» የሚል ስም ያወጡለት እ.ኤ.አ. በ1871 ነው። እግር ሲቆረጥ አንጎል ውስጥ ያለው የእግር ካርታ አብሮ አይቆረጥም። የተቆረጡት ነርቮችም ዝም አይሉም። ሕመሙ እውነተኛ ነው፤ ታማሚውም አላበደም።

እኛን የሚያናድደን ከማቅለያዎቹ አንዱ እጅግ ርካሽ መሆኑ ነው፦ መስታወት! ዘዴውን እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ያስተዋወቁት ትውልደ ሕንዳዊው ቪ. ኤስ. ራማቻንድራን ናቸው። ረዘም ያለ መስታወት በሁለቱ እግሮች መሀል ይቆማል። የጤነኛው እግር ምስል በጎደለው ቦታ ይታያል። ዓይንን ከመስታወቱ ሳይነቅሉ ጤነኛውን እግር ቀስ አድርጎ ማንቀሳቀስ፣ የሌለውንም አብሮ ለማንቀሳቀስ መሞከር ነው። በቀን 15 ደቂቃ፣ ለአራት ሳምንት። እ.ኤ.አ. በ2007 አሜሪካ ውስጥ በታተመ ጥናት በመስታወት የተለማመዱት ስድስቱም ሕመማቸው ቀንሶላቸዋል። ስድስት ሰው ጥቂት ነው፤ የኋለኞቹ ጥናቶች ሁሉም እንዲህ አላማረላቸውም። ሁለቱንም እግር ላጣ ሰውም አይሆንም። ግን መስታወት ዶላር አይጠይቅም፤ ያልተመቸው ያቆማል። የቀረውን እግር በማሸት፣ በፋሻ በመጠቅለል፣ ሰው ሠራሽ እግር በመልመድ የሚቀልላቸውም አሉ።

«ጸበሉስ?» የሚል አይጠፋም። የኤች አይ ቪ ታማሚዎች እንጦጦ ጸበልን በሞሉበት ዘመን፣ በ1999 ዓ.ም.፣ አቡነ ጳውሎስ መድኃኒቱና ጸበሉ እንደማይጣሉ አስተምረዋል። ለክኒን የተፈቀደ ለመስታወት አይከለከልም።

ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. የተደረገው ጦርነት ብዙ እግር አስቀርቷል። ስኳር በሽታና የመኪና አደጋም አላረፉም። የምንጠይቀው ቀላል ነው፦ ታማሚው ከሆስፒታል ከመውጣቱ በፊት «የሌለው እግርህ ሊያምህ ይችላል፤ አላበድክም» ይባል፤ ፊዚዮቴራፒስቱም ልምምዱን ያሳየው። እግር የሚቆርጥ ሆስፒታል ሁሉ መጋዝ አለው። መስታወትም ይኑረው!