ፎርሙ ከሚያስፈልገው በላይ አይጠይቅ

ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ በድረ ገጽ ላይ የሚሞላ የግል መረጃን ደኅንነት ስለ መጠበቅ

በድረ ገጽ ፎርም ላይ የሚሞላ መረጃ ሁሉ እኩል አይደለም። የይለፍ ቃል ቢሰረቅ ወዲያው ይለወጣል፤ የትውልድ ቀን፣ የእናት ስምና ባለ 12 አሃዙ የፋይዳ ቁጥር ግን አንዴ ከእጅ ከወጡ መመለሻ የላቸውም።

ተጠቃሚው አስቀድሞ ሊያጣራ የሚችለው የገጹን አድራሻ ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት አድራሻ በአብዛኛው በ«.ጎቭ.ኢቲ» ያበቃል። «ጎቭ.ኢቲ» መሃል ላይ ገብቶ መጨረሻው «.ኮም» ከሆነ ገጹ የሌላ ሰው ነው። በአንዳንድ ማሰሻዎች ከአድራሻው ጎን የሚታየው የቁልፍ ምልክትም መረጃው ተመስጥሮ እንደሚጓዝ እንጂ ተቀባዩ ማን እንደሆነ አያሳይም፤ አጭበርባሪም በነፃ ያገኘዋል። በኤስኤምኤስ የሚመጣ የማረጋገጫ ኮድ ባለቤቱ ራሱ በጀመረው አገልግሎት ላይ ብቻ ይጻፋል፤ ስልክ ደውሎ ለሚጠይቅ አይነገርም። በኢንተርኔት ቤት ፎርም የሞላ ሰው ከአካውንቱ መውጣት ብቻ አይበቃውም፤ ስካን የተደረገው መታወቂያ በኮምፒውተሩ ላይ ስለሚቀር ከዚያም መጥፋት አለበት።

ከዚህ ያለፈው ከተጠቃሚው አቅም በላይ ነው። ለአጭር ሥልጠና የወጣ ፎርም የመታወቂያ ቅጂ፣ የባንክ ሒሳብ ቁጥርና የጋብቻ ሁኔታ ቢጠይቅ፣ ሁሉም በቀይ ኮከብ ግዴታ ቢሆኑ፣ አመልካቹ ወይ ይሞላል ወይ ዕድሉን ይተዋል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ግን መረጃ ለታወቀ ዓላማና በሚያስፈልገው መጠን ብቻ እንዲሰበሰብ ይደነግጋል፤ አፈጻጸሙን የመቆጣጠር ኃላፊነትም የባለሥልጣኑ ነው።

ድንጋጌው ፎርሙ ላይ እንዲታይ ሦስት እርምጃዎች ያስፈልጋሉ። አንደኛ፣ በእያንዳንዱ የግዴታ ጥያቄ ሥር መረጃው ለምን እንደተፈለገና መቼ እንደሚጠፋ ተጠቃሚው በሚረዳው ቋንቋ በአጭሩ ይጻፍ። ሁለተኛ፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ምዝገባን በቴሌግራም በሚበተን ሊንክ ሳይሆን በራሳቸው አድራሻ ብቻ ያካሂዱ፤ ያኔ ሐሰተኛውን መለየት ይቀላል። ሦስተኛ፣ ከልክ በላይ የሚጠይቅ ፎርም ያጋጠመው ሰው የገጹን አድራሻና የማያ ገጹን ፎቶ አያይዞ አቤቱታ የሚያቀርብበት አንድ የታወቀ መስመር ይኑር፤ የተሰጠው ውሳኔም የአቤቱታ አቅራቢው ማንነት ሳይገለጽ ለሕዝብ ይፋ ይሁን።

ከሰላምታ ጋር