በጎርፍና በዐውሎ ነፋስ ጊዜ የአደባባይ ሰሌዳዎች ሕዝብን ያስጠንቅቁ

የሕዝብ ጤና በሐኪም ቤት ብቻ የሚጠበቅ አይደለም። ንጹሕ ውሃና ደኅና መጸዳጃ ለሰው እንደሚያስፈልጉት ሁሉ፥ አደጋ ከመድረሱ አስቀድሞ በጊዜው የሚነገር እውነተኛ ቃልም ከመድኃኒት ይቈጠራል። «ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ» የተባለው ምሳሌ ለአንድ ሰው ብቻ ሳይሆን ለከተማም ጭምር ይሠራል። ስለዚህ በየአደባባዩ ስለ ተተከሉት ዲጂታል የማስታወቂያ ሰሌዳዎች ያለንን አሳብ እንገልጻለን።

በሐምሌ ወር 1998 ዓ. ም. መጨረሻ በድሬዳዋ የሆነውን የሚረሳ የለም። በደጋው ላይ የወረደው ብርቱ ዝናብ፥ በበጋ አሸዋው ብቻ የሚታየውን የደቻቱን ወንዝ ሞልቶ በሌሊት ከተማውን መታ፤ ከ250 የሚበልጡ ሰዎችም አለቁ። ከደጋ የሚነሣ ጎርፍ ቆላ እስኪደርስ ጊዜ ይፈጅበታል። ያ ጊዜ አጭር ቢሆንም ቅሉ፥ ቃሉ ከደረሰ እናት ልጆችዋን ይዛ ወደ ከፍታ የምትወጣበት ጊዜ ነው።

ጎርፉ ካለፈ በኋላም አደጋው አያበቃም። የመጸዳጃ ጕድጓዶች ይሞላሉ፤ እድፉም ከጕድጓድ ውሃና ከተሰበሩ ቧንቧዎች ጋር ይቀላቀላል። ኮሌራ፥ የአንጀት ተስቦና ተቅማጥ የሚከተሉት በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ ሕዝቡ የሚያስፈልገው ሁለት ማስጠንቀቂያ ነው፤ አንዱ ከጎርፉ በፊት፥ ሁለተኛው ከጎርፉ በኋላ።

ዛሬ በአዲስ አበባ፥ በ2013 ዓ. ም. ታድሶ የተመረቀውን መስቀል አደባባይን በመሳሰሉ ስፍራዎች፥ ከሩቅ የሚታዩ ዲጂታል ሰሌዳዎች ቆመዋል። በእነዚህ ላይ ጽሕፈት ለመለወጥ መሰላል የሚወጣ ሠራተኛ አያስፈልግም፤ ከአንድ ጽሕፈት ቤት ሆኖ በጥቂት ደቂቃ መለወጥ ይቻላል። በአሜሪካ አገር ዐውሎ ነፋስ በሚበዛባቸው ክፍሎች የንግድ ማስታወቂያውን ለጊዜው አቁሞ የማስጠንቀቂያ ቃል ማሳየት የተለመደ ሆኗል። የእኛም ሰሌዳዎች ሰማይ ተከፍቶ በሚዘንብበት ሰዓት ስለ ሳሙናና ስለ ዘይት ብቻ ሲያወሩ መታየታቸው ተገቢ አይመስለንም።

አንዳንዶች «ባለ ሰሌዳው ገንዘብ ይጐድልበታል» ይሉ ይሆናል። ነገር ግን ሰሌዳው የቆመው በሕዝብ አደባባይ ነው። የከተማው አስተዳደር ፈቃድ በሚሰጥበት ጊዜ፥ አደጋ ሲመጣ ሰሌዳው ያለ ክፍያ ለማስጠንቀቂያ እንዲውል በውሉ ውስጥ ቢጽፍ ማንንም አይበድልም።

ሌሎች ደግሞ ሕዝቡ በከንቱ እንዳይሸበር ይፈራሉ። ይህ ፍርሃት መሠረት የሌለው አይደለም። በጥር 5 ቀን 2010 ዓ. ም. በሃዋይ ደሴቶች ሚሳይል እየመጣ ነው የሚል ማስጠንቀቂያ በስሕተት ለሕዝቡ ስልክ ተላልፎ፥ እርማቱ በስልክ የደረሰው ከ38 ደቂቃ በኋላ ነበር። ከዚህ የምንማረው ማስጠንቀቂያን መተው ሳይሆን፥ ቃሉን የሚሰጠው ማን እንደ ሆነና ስሕተት ቢገኝ ማን ወዲያው እንደሚያርመው አስቀድሞ መወሰን ነው። የዝናቡን ነገር የሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት፥ የጎርፉን የከተማው የአደጋ መሥሪያ ቤት፥ የውሃውንና የበሽታውን ደግሞ ጤና ቢሮ ቢናገር መልካም ነው።

የቃሉም አጻጻፍ ሊታሰብበት ይገባል። «ከባድ ዝናብ ስለሚጠበቅ ኅብረተሰቡ አስፈላጊውን ጥንቃቄ እንዲያደርግ እናሳስባለን» ቢባል፥ አላፊ አግዳሚው ምን ማድረግ እንዳለበት አያውቅም። ይልቁንስ «ወንዙ እየሞላ ነው። ከወንዝ ዳር ራቁ፤ ወደ ከፍታ ውጡ። ከቀኑ 10 ሰዓት የተነገረ» ቢባል ሁሉም ይረዳዋል። 15 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ፈጣን ጎርፍ ሰውን ሊጥል፥ 60 ሳንቲ ሜትር የሆነውም አብዛኞቹን መኪናዎች ሊወስድ ይችላልና፥ «ጎርፍ አትሻገሩ» የሚለው ቃል ሊቀር አይገባውም። ማንበብ ለማይችሉትም ሥዕል ይጨመርበት፤ በድሬዳዋም በአማርኛ፥ በኦሮምኛና በሶማልኛ ይጻፍ። ከጎርፉ በኋላ «ውሃ አፍልታችሁ ጠጡ» ሲባል መጠኑ ይነገር፤ ይኸውም ውሃው መንተክተክ ከጀመረ ወዲህ አንድ ደቂቃ፥ እንደ አዲስ አበባ ከ2,000 ሜትር በላይ በሆነ ከፍታ ግን ሦስት ደቂቃ ነው። በደጋ ውሃ በአነስተኛ ሙቀት ይፈላልና።

የሆነ ሆኖ ሰሌዳው ብቻውን አይበቃም። መብራት ሲጠፋ ይጨልማል፤ የተኛንም ሰው አይቀሰቅስም። ስለዚህ ሬዲዮ፥ የስልክ መልእክት፥ የቤተ ክርስቲያን ደወልና የመስጊድ ድምፅ ማጉያ አብረውት ሊሠሩ ይገባል። ደግሞም ብርቱ ነፋስ ሲነፍስ ከሰሌዳው ሥር መጠለል አደገኛ መሆኑ አይዘንጋ።

መምህራን ሆይ፥ በዚህ ነገር የእናንተ ድርሻ ትልቅ ነው። ተማሪው የማስጠንቀቂያውን ቃል አንብቦ ለማያነቡት አያቱና ጎረቤቱ እንዲያደርስ፥ ክረምት ሳይገባ አለማምዱት። የከተማ ነዋሪዎችም በየቀበሌአችሁ ስብሰባ ጕዳዩን አንሡ። ጎርፉ ካለፈ በኋላ የሚጻፍ ማስጠንቀቂያ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንደ ተባለው ነው። ሰሌዳው ቆሟል፤ መብራቱም በርቷል፤ የቀረው ቃሉን በጊዜው መጻፍ ብቻ ነው።